ባለ መብራቱ ወይስ ባለ ጩኸቱ

ወይም ባለ ማዞሪያው፣ ባለሱቁ ርካሽ ነው ብሎ ወደ ጎን ገፍቶታል፣ ርካሽነቱ እንኳ ጥፋት አይደለም፣ ጥፋቱ ሌላ ነው፣ ማዞሪያውን የሚያዞር ሰው ድምፅ ሰምቶ የት ላይ እንደሚያቆም ማወቅ አለበት፣ ድምፅ የሚሰማ ሰው ቢኖርማ እሷ እዚህ የመስታወት ጠረጴዛ ፊት ተገትራ ምን ትሠራለች። ሦስት ሳጥን። አንዱም ከመዳፏ አይበልጥም። የሦስቱም ሥራ አንድ ነው፣ ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚነፋውን አየር ልክ ማስያዝ፣ ግፊቱ ሲበዛ የጭሱን ማለፊያ በር ከፈት፣ ሲያንስ ገርበብ፣ ይህንኑ ሥራ ባሏ ዕድሜውን ሙሉ በካቻቢቴና በጆሮው ሲሠራው ኖሯል፣ አንዲት ቡሎን፣ ሩብ ዙር ወደዚህ፣ ሩብ ዙር ወደዚያ፣ ከዚያ ዳገት ወጥቶ መስማት።

ባሏ ውጭ ነው። ጥጉ ላይ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል፣ ክርና ዚፕ ልትገዛ የገባች መስሎት፣ የክር ሱቁ ከዚህኛው ጋር ግድግዳ መጋራቱ በጀ። ቶሎ ነይ እሜቴ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው ብሏታል፣ ሞተሩንም አላጠፋውም፣ ቱርቦ እንደደረሱ አይጠፋም ይላል፣ ሮጦ የመጣ ሰው ወዲያው አይቀመጥም፣ ትንሽ ቆም ብሎ ይተነፍሳል። የሞተሩ ድምፅ እስከዚህ ይሰማታል፣ ወፍራሙ፣ ዱም ዱም የሚለው፣ በግድግዳው በኩል የሚመጣው። ቀበጧ ነው የሚላት መኪናዋን። ቀበጧ ዛሬ ደህና አድራለች፣ ቀበጧ ዘይት ጠምቷታል። ለሚስቱ እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም፣ ለሚስቱ እሜቴ ነው፣ እሱም አይከፋም።

በስንት ነው የሚነዷት? ይላል ባለሱቁ። ወጣት ነው፣ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቷል፣ ጣቶቹ ላይ የማይለቅ ጥቁር ዘይት። ምን በስንት? ግፊቱን ነዋ እትዬ፣ ጌጁ ላይ ስንት ያነባል? ጌጅ የለንም። ታዲያ በምን ነው የሚያስተካክሉት? በፉጨት፣ ትላለች። ይስቃል። ቀልድ መስሎታል። ይሳቅ፣ ቀልድ አይደለም፣ ቱርቦው ሲነፋ ያፏጫል፣ ፉጨቱ ሲቀጥን ግፊቱ በዝቷል፣ ሲደነድን አንሷል፣ ባሏ ይህን እንደ ሰዓት ያነበዋል፣ ያነበው ነበር፣ አንድ ጓደኛው የግፊት ጌጅ በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ ሲያመጣለት አመስግኖ ተቀብሎ ለሌላ ሰው ሰጠው፣ ጌጅ ለደንቆሮ ነው አለ፣ ጓደኞቹ በሳቅ ፈረሱ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙ ጆሮ ሆነ። ጆሮ እስቲ ስማልን ይሉታል። መኪናቸውን ግቢው ድረስ ያመጣሉ። እጁን ኮፈኑ ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሦስተኛዋ ካንዴላ ናት ይላል፣ ሦስተኛዋ ካንዴላ ሆና ትገኛለች።

የዚህ ሰው ጆሮ ነው እንግዲህ የደከመው።

መድከሙን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ማስረጃ አላት፣ በግምት አትናገርም። የሻይ ማንቆርቆሪያው እያፏጨ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። ስልኩ ሲጠራ ዝም፣ ከዚያ ይሄ ስልክ ተበላሽቷል። የበሩ ደወልም ተበላሽቷል፣ የልጃቸው የእጅ ሰዓት ማንቂያም ተበላሽቷል፣ በእሱ ቤት ያልተበላሸ የሚጮህ ዕቃ የለም። የከባድ መኪና ድምፅ ግን ከሁሉም ቀድሞ ይሰማል፣ ወፍራሙን ይሰማል፣ ቀጭኑ ነው የሄደበት፣ ማተሚያ ቤት ሃያ ምናምን ዓመት እዚያ ብረት ሲዘል በሚውልበት አዳራሽ ቆሞ ሲሠራ ቀጭኑን እዚያ ጥሎት መጣ። እና ዳገቱ ላይ አንድ ቀን፣ ሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚንኳኳ ያለ፣ ሞተር እንደዚያ ሲል እየተበላ ነው፣ ይህን ራሱ ነው ያስተማራት፣ እሱ ግን ነዳጅ መስጫውን እንደረገጠ ነው፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ ፈገግ እንኳ ብሏል። ደነገጠች። ጉልበቱን ያዘችው። እግሩን አነሳ፣ ጠጠሩ ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ እንዲያ ነው። ያንኳኳል፣ መዳፏ ጉልበቱ ላይ ያርፋል፣ እግሩን ይለቃል። ምን መስሎት እንደሚለቅ ጠይቃው አታውቅም። በዚህ ዕድሜዋ ፍቅር አገረሸባት ብሎ ይሆናል። ይበል። እሷ የእሁድ ጉዞ፣ ከጓደኞቹ ጋር በየመኪናቸው ዳገቱን የሚወጡበት፣ አምልጧት አያውቅም፣ ጓደኞቹ ቀናተኛ ናት፣ ብቻውን አትለቀውም ይላሉ፣ እነሱም ይበሉ፣ አንድ ሰው ጆሮ የሚለውን ስም ይዞ እንዲቀጥል ሌላ ሰው ቀናተኛ መባል ካለበት ከባድ ዋጋ አይደለም።

ችግሩ አሁን መሄዷ ነው። ልጃቸው ልትወልድ ነው፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ሌላ ከተማ ናት፣ እማ መጥተሽ አጠገቤ ካልሆንሽ አልወልድም ብላለች፣ ልክ በፈቃድ እንደሚቆም ነገር። ሳምንት ሳይሞላ አውቶቡስ ትሳፈራለች፣ ሕፃኑ አንገቱን እስኪያጸና አትመለስም። እና እሁድ ሲመጣ ቀበጧ ውስጥ ከጎኑ ማን ይቀመጣል? ማንም። ብቻውን ዳገቱን ይወጣል፣ ጓደኞቹ ከኋላ፣ ጠጠሩ ይንኳኳል፣ እሱ ፈገግ ብሎ ይረግጣል፣ ፒስተን ይበሳል፣ ጭስ፣ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ሁሉም ወርደው ዙሪያውን ከበው፣ አንዱ ጆሮ አልሰማኸውም እንዴ ይለዋል። ያቺን ጥያቄ ነው የምትፈራው። ሞተር ይታደሳል።

ለዚህ ነው ሳጥን የምትመርጠው።

ይሄኛው አሪፍ ዕቃ ነው እትዬ፣ ይላል ባለሱቁ፣ መካከለኛውን ሳጥን ከፍቶ፣ ጥፍር የምታህል ስክሪን፣ አንድ ግራም የማይደርስ የመሰለ ነገር፣ ከመሪው ፊት ክሩስኮቶው ሥር ተደብቆ ይታሰራል፣ ሰው እንኳ አያየውም። አያየውም፣ ጥሩ ነው። ከባለ ማዞሪያው በምን ይለያል? ባለ ማዞሪያው ያዝዛል እንጂ አይጠይቅም፣ ይህን ያህል ክፈት ይላል፣ በቃ፣ ብርድ ሲሆን አየሩ ይወፍራል፣ ግፊቱ ከታሰበው በላይ ይሄዳል፣ እሱ ምን ገዶት። ይሄኛው ያዝዛል፣ ግፊቱን መልሶ ይለካል፣ በዝቶ ከሆነ ራሱ ይቀንሳል። ሻይ አምጪ ብሎ እንደሚሄድና መጣልኝ ወይ ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው። ገባት። ባሏ ሁለተኛው ዓይነት ነው፣ ሻዩ እስኪመጣ ወጥ ቤት በር ላይ ይቆማል።

ማንኳኳቱን ይሰማል ወይ? ትላለች።

አይ፣ እትዬ፣ ሳጥን አይሰማም። ይለካል። ግፊቱ ከልኩ ካለፈ ነው የሚያንኳኳው፣ ይሄ እንዳያልፍ ይጠብቃል፣ ቢያልፍ ይቆርጠዋል፣ ይጮሃል። ሐቀኛ ልጅ ነው። ይሰማል ቢላት ኖሮ ትታው ትወጣ ነበር። ሲሞትስ? ማን? ሳጥኑ፣ ሽቦው ቢበጠስ፣ ኤሌክትሪኩ ቢጠፋ መንገድ ላይ፣ ወደ የት ነው የሚሄደው? ባለሱቁ እስክሪብቶውን ከጆሮው ያወርዳል፣ ይህን የሚጠይቅ ብዙ አይመጣም መሰለ፣ የአየር ቱቦው በትክክል ከታሰረ ሲሞት ወደ ትንሹ ይመለሳል፣ ማለፊያዋ በር ላይ ስፕሪንግ አለ፣ የስፕሪንጉ ግፊት፣ ግማሽ ባር አካባቢ፣ መኪናዋ ሰነፍ ትሆናለች እንጂ አትጎዳም። በተቃራኒው ከታሰረ ግን ጉድ ነው። ባለቤቴ በተቃራኒ አያስርም፣ ትላለች፣ እንደ መኩራራት ያደርጋታል፣ ድንኳን ፋብሪካ ውስጥ የሸራ ስፌት ክፍል ኃላፊ ናት፣ በራሷ ሥራ እንኳ እንዲህ አትኩራራም። ወደ ትንሹ የሚሞት። ወደደችው። ሰው ሁሉ እንዲህ ቢሞት።

ልጃቸው በስልክ ምን ነበር ያለችው፣ እማ ትልቁን ግዢለት፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘውን፣ አባዬ ጣቱን እንኳ እንዳያነሳ። ጣቱን ካላነሳ ምኑን ነዳው። ልጅ እናቷን ነው የምትወደው አባቷን? ሁለቱንም፣ ግን መኪናዋን አትወድም፣ ልጅ ሆና የኋላ ወንበር ላይ ታስመልስ ነበር፣ አይፈረድባትም።

እና አጩኸው እስቲ፣ ትላለች።

ምን? ማስጠንቀቂያውን፣ ይጮሃል ብለህ የለ፣ አጩኸው። የምትፈልገው አንድ ነገር ማረጋገጥ ነው፣ ቀጭን ከሆነ አይሆንም፣ ቀጭን ባሏ አይሰማም፣ ወፍራም ከሆነ ይሆናል፣ ይህን ለባለሱቁ መንገር አያስፈልግም፣ ሰምታ ትወስናለች። ባለሱቁ ሁለት ሽቦ ባትሪ ላይ ያስነካል፣ ስክሪኗ ትበራለች፣ ጣቱን አንዲት ቁልፍ ላይ ይጫናል። ትጠብቃለች። እሱ ፊቷን ያያል፣ እሷ ሳጥኑን ታያለች። የሞተሩ ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ፣ ዱም ዱም። ማራገቢያው ጣሪያው ላይ። ትጠብቃለች።

መቼ ነው የሚጮኸው?

እየጮኸ ነው እኮ፣ እትዬ።

ማራገቢያው ነው። ማራገቢያውን አጥፋው እስቲ። ያጠፋል። ክንፉ ቀስ ብሎ ይቆማል። አሁን ፀጥ ብሏል፣ ባለሱቁ ደግሞ ይጫናል፣ ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ዝም ብሏል፣ ተበላሽቷል፣ ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል ልትለው አፏን ስትከፍት ጥጉ ላይ አምፖል የሚመርጠው ሰውዬ ፊቱን አጨማዶ ጆሮውን ይይዛል፣ ኧረ በናትህ ዝጋው፣ አናቴን በሳው ይላል።

ተበላሽቷል ልትል ነበር። የእሱን ቃል።

ባለሱቁ ሳጥኑን ያነሳና መዳፏ ላይ ያስቀምጥላታል፣ ይጫናል፣ መዳፏ ላይ ይርገበገባል፣ እንደ ንብ፣ እንደተያዘ ትንኝ፣ እየጮኸ ነው፣ በቆዳዋ ታውቀዋለች፣ በጆሮዋ የለም። እውነት ነው እንግዲህ። ስሜት ሌላ፣ እውነት ሌላ። የምታውቀው ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው ተነስቶ መመርመር አለበት። ቀጭኑ ድምፅ፣ መጨረሻ የሰማችው መቼ ነው፣ የቱርቦውን ፉጨት መጨረሻ የሰማችው መቼ ነው? ወፍራሙን ትሰማለች፣ ዛሬ ጠዋትም፣ አሁንም፣ ፉጨቱን ግን፣ ፉጨቱን፣ ይኸው አጥታዋለች፣ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንኳ አታውቅም። ማጣቷን እንዴት አላወቀችም፣ እሱም መልስ አለው፣ ስፌት ክፍል ውስጥ ድንኳን የሚሰፋ ማሽን ሲጀምር ሰው ሰውን አይሰማም፣ ሁሉም በከንፈር ነው የሚነጋገረው፣ ልጃገረዶቹ ስለ እሷ ሲያሙ ሳይቀር ከአዳራሹ ማዶ ሆና ታነባቸዋለች፣ ስትነግራቸው ይስቃሉ፣ ዓይን ነው የለመደችው እንጂ ጆሮ አይደለም፣ ቤት ስትመጣ ደግሞ ባሏ ነው የሚያወራት፣ ባሏ ስለማይሰማ ይጮሃል፣ የሚጮህን ሰው ማን አይሰማም። በእሱ መደንቆር ውስጥ የእሷ ተደብቆ ኖሯል።

ፒስተኑስ።

እሱን ነው ወደ ኋላ ያቆየችው። ከሁለት ወር በፊት፣ ዳገቱ ላይ፣ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር፣ እጇ ጭኗ ላይ፣ ሞተሩ ፀጥ ያለ መሰላት፣ ሰሞኑን አያንኳኳም፣ ቀበጧ ጤና አግኝታለች እያለች ነበር በሆዷ፣ ከዚያ ሰማያዊ ጭስ። ሞተሩን የፈታው ጓደኛቸው ፒስተኑን በጨርቅ ይዞ አሳያቸው፣ ጠርዙ አይጥ የቀመሰው ዳቦ መስሏል። ነዳጁ ነው አለች እሷ፣ ነዳጁ ነው አለ እሱ፣ ወዲያው፣ ከአፏ ነጥቆ። ነዳጁ አልነበረም። ጠጠሩ ሲንኳኳ ነበር፣ ምናልባት ዳገቱን ሙሉ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ አንዱ ሌላው ይሰማል ብሎ። እሷ ይህን አሁን ነው ያወቀችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ተረት ብቻ አይደለም።

እትዬ ይቀመጡ፣ ይላል ባለሱቁ፣ በርጩማ ስቦ፣ ይሄ ብዙ ሰው ላይ ያለ ነገር ነው፣ ማፈር የለበትም፣ ባለፈው ሳምንት እንኳ አንድ ትልቅ ሰው መጥተው ይህንኑ ሳጥን አጩኸው አሉኝ፣ እሳቸውም አልሰሙትም።

ምን ዓይነት ሰው? ትላለች።

ኮፍያ ያደረጉ፣ ደረት ኪሳቸው ላይ ካቻቢቴ፣ ደግሞ ሲያወሩ እንዴት ይጮሃሉ፣ የክር ሱቋ ሴትዮ ጠብ መስሏት ሮጣ መጣች። እኔ አልሰማሁትም፣ እሱ ችግር የለም አሉ፣ እኔ ከድሮም አልሰማም፣ ጆሮዬ ሚስቴ ናት። እንዲህ ነው ያሉት፣ ጆሮዬ ሚስቴ ናት። ሞተሩ ሲያንኳኳ እጇን ጉልበቴ ላይ ታሳርፋለች፣ እለቃለሁ፣ ስንት ዓመት በዚያ ነው የነዳሁት፣ አሁን እጇ ቀረ፣ ፒስተን በላን፣ ደከም ብሏታል መሰለኝ፣ እንዴት ብዬ ልንገራት፣ እሷ ኩሩ ናት አሉ፣ አሳዘኑኝ እትዬ፣ እሷ የማትቀየምበት ሳጥን የለህም ወይ አሉኝ፣ እንዲህ ያለ ሳጥን ከየት ላምጣ። ይሄን ባለ መብራቱን አገላብጠው አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ አይ፣ መብራት ባስርባት አባረርኩሽ ያልኳት ይመስላታል ብለው ትተውት ሄዱ።

ባለሱቁ የሚያየው የእሷን ፊት ነው። ፊቷ ላይ ያለውን ነገር አይቶ ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ ከግድግዳው ወዲያ ሞተሩ ዱም ዱም ይላል፣ ወደ እሷ ይመለሳል።

በስማም። ውጭ ያሉት ናቸው እንዴ?

ውጭ ያለው ነው፣ ትላለች።

ያውቅ ነበር። እጇን ያውቅ ነበር፣ ፍቅር አልመሰለውም፣ ወይም ሁለቱም መስሎታል፣ እሷ የእሱን ነገር ደብቃ ይዛ ስትዞር እሱ መደበቋን ያውቃል፣ ከዚያ የእሷን ደግሞ ከእሷ ቀድሞ አወቀና እሱንም ደበቀ፣ ነዳጁ ነው ብሎ ከአፏ ሲነጥቅ እሷን ነው ያዳነው፣ እሷ ደግሞ እሱን ያዳነች መስሏት ኮራ ብላ ነበር እኮ፣ አቤት ቅሌት፣ አቤት ይሄ ሰውዬ። እሷ የማትቀየምበት ሳጥን። ኮፍያውን አድርጎ፣ እዚህ፣ ምናልባት እዚችው በርጩማ ላይ። ጥርሷን ነክሳ ነው የተቀመጠችው፣ ከዚያ ጥርሷ እምቢ ይላታል፣ ሳቅ ነው፣ ሳቋ ውስጥ ሌላም ነገር አለ፣ አምፖል የሚመርጠው ሰውዬ ምርጫውን ትቶ ያያታል።

መብራቱን አብራው እስቲ።

ያበራል። የመዳፍ ያህል ክብ፣ ዙሪያው ቀይ፣ ቦግ። ግፊቱ ሲያልፍ እንዲህ ይበራል፣ ራሱም ይቆርጠዋል፣ ሥራው ከዚያኛው ጋር አንድ ነው፣ ጩኸት የለውም እንጂ። ሲሞትም ወደ ትንሹ? ወደ ትንሹ። ግን ይታያል፣ እትዬ፣ አይደበቅም፣ የገባ ሰው ሁሉ ያየዋል። ያየዋል። ጓደኞቹ ያዩታል፣ ጆሮ መብራት አሰረ ይላሉ፣ አንድ ሁለት እሁድ ይስቁበታል፣ የሳቅ ሞተር ነዳጁ ቶሎ ያልቃል፣ ከዚያ ይለምዱታል፣ አንዳንዶቹም ዕድሜያቸው ያው ነው፣ ማን ያውቃል በድብቅ መጥተው ባለሱቁን አጩኸው የሚሉት ስንት ናቸው። ፒስተን ከሚበሳ ይሳቅ። ዓይን አላቸው፣ ሁለቱም፣ እስካሁን። ይሄኛውን ጠቅልልልኝ፣ አይ፣ አትጠቅልለው፣ እንዲሁ ስጠኝ።

ክርና ዚፑን አልገዛችም። ሳጥኑን በግላጭ ይዛ ትወጣለች፣ በደረቷ በኩል፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን መቶ ነገር ትዋሽ ነበር፣ ለልጃችን ጎረቤት ነው፣ ዕጣ ደርሶኝ ነው። ፀሐይ ነው ውጭው። እሱ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ከሩቅ ይጮሃል፣ አንቺዬ ክሩን አገኘሽ ወይ፣ አንድ ሥራ ፈት እስኪዞር ድረስ። ገብታ ትቀመጣለች። በሩን ትዘጋለች። ሳጥኑን ጭኑ ላይ ታስቀምጥለታለች።

ያየዋል። ያገላብጠዋል።

ባለ መብራቱን ነው የወሰድሽው፣ ይላል።

ባለ ጩኸቱን አልሰማሁትማ። ይህን ስትል ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው፣ የትዳር ነገር ነው፣ መንገድ ላይ አይጮኽበትም። የሱቁ ልጅ ነገረሽ? ነገረኝ። ምን አለሽ? ሚስቴ ደንቁራለች ብለሃል አለኝ። ደንቁራለች አላልኩም! ደከም ብሏታል ነው ያልኩት፣ ያ ቀጣፊ! አንተስ፣ አንተስ ከመቼ ጀምሮ ነው? እኔማ፣ ይላል፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እኔማ አንቺ ጉልበቴን ከመያዝሽ በፊት፣ ያን ቀን ባትይዢኝ ልነግርሽ ነበር፣ ስትይዢኝ ግን፣ ምን ልበል፣ ደስ አለኝ፣ ተውኩት። ታዲያ ጌጅ ለደንቆሮ ነው እያልክ ስትፎክር የኖርከው? ነዋ፣ እኔ ጌጅ ምን ያደርግልኛል፣ ሚስት አለኝ። አፈር ብላ! አንቺስ ነዳጁ ነው ያልሽው? ላንተ ብዬ! እኔም ላንቺ ብዬ! እና ያ ፒስተን ለማን ብሎ ነው የተበላው? ይስቃል፣ ኮፍያው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዓይኑ ረጥቧል፣ እሷም ከእሱ አትሻልም፣ እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ ያለ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

ከዚያ መንገዱን ታያለች።

መንገዱ ቆሟል። የክር ሱቋ ሴትዮ በር ላይ ወጥታ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፣ አምፖል የገዛው ሰውዬ አምፖሉን ይዞ፣ ባለሱቁ ከኋላው አንገቱን አስግጎ፣ ከማዶ ደግሞ ሁለት የማይታወቁ ሴቶች እየተደገፉ ይስቃሉ፣ ተራ አስከባሪው በመስኮቱ ጎንበስ ይላል፣ ከንፈሩን ታነበዋለች፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ ሁሉንም ሰምተናል፣ አሁን መኪናዋን አንሱልን።

ምን አለ? ይላል ባሏ። መንገዱ ሙሉ ሰምቷል ነው የሚለው። ባሏ ያስባል። እንኳን ሰማ፣ ይላል፣ አንድ ሰው መስማት አለበት፣ ማርሽ ያስገባል፣ ቀበጧ ትነቃነቃለች፣ ወፍራሙ ድምፅ ከእግሯ ሥር ይነሳል፣ ቀጭኑም ከላይ አለ መቼም፣ መንገዱ ይስማው።

ከሳጥኑ ጋር የመጣው መመሪያ በደቃቅ ፊደል ነው፣ መነጽሯን ታደርጋለች፣ ተጠቃሚው መሣሪያውን ከማስነሳቱ በፊት የሚፈልገውን የግፊት መጠን በቁጥር ማስገባት ይኖርበታል። ስንት ልበለው? ትላለች። አንድ መስቀለኛ መንገድ ያልፋሉ። ዕድሜውን ሙሉ ፉጨቱን ያውቀዋል፣ ቁጥሩን ግን ተነግሮት አያውቅም። አላውቀውም፣ ይላል፣ እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም፣ እና ፊቱ ላይ የከፋው ነገር የለም፣ እንደ ተማሪ ሆኗል። ከታች እንጀምራ፣ ትላለች፣ ልጁ ስፕሪንጉ ግማሽ ባር ነው ብሏል፣ ከዚያ ዳገቱ ሥር፣ እስክሄድ ድረስ በየጠዋቱ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቀበጧ ዳገቱን ሳትሰንፍ እስክትወጣ፣ ልኩን አግኝተነው ልሂድ። ጮክ በይ፣ ይላል። ዜሮ ነጥብ አምስት! ትላለች፣ ከሳንባዋ። ዜሮ ነጥብ አምስት! ይላል እሱም፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው ያያሉ፣ ይዩ፣ ከዚያ ዜሮ ነጥብ ስድስት፣ ትላለች፣ ስድስትን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ፣ ዳገቱ ራሱ ይነግረናል፣